ነፍስ ከአሥር ስንት ታገኛለች?

ይድረስ ለክቡር የትንንሽ ፊገር ሠሪዎችና ሰብሳቢዎች ማኅበር ዋና ዳኛ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ካለሁበት ይድረስዎ። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎስ? በተለይ ደግሞ ዓይንዎ እንዴት ከረመ? ባለፈው ቅዳሜ ከዳኝነቱ ጠረጴዛ ሳይነሡ ሦስት ሰዓት ሙሉ ጎንበስ ብለው ሲደክሙ አይቼ አንጀቴን በልተውታል። አርባ ዓመት በሰዓት ጥገና ያገለገለ ዓይን፣ ጡረታ ከወጣ በኋላ ማረፍ ሲገባው፣ የእኛን ስንዝር የማይሞሉ ሰዎች ሲመረምር መዋሉ ግፍ ነው፤ ግፉም ውጤቱ ላይ በግልጽ ታይቷል። እኔ፣ ይመስገነው፣ ደህና ነኝ። እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፣ ምግብ አልወርድ ብሎኛል፣ ከዚህ በቀር ምንም አልል።

ይህ ደብዳቤ በማኅበሩ ማስታወቂያ ሰሌዳና በአባላቱ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ስለሚወጣ፣ ለማያውቁኝ አንባቢያን ራሴን ባጭሩ ላስተዋውቅ። በአንድ የጥርስ ላቦራቶሪ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ ስሠራ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። የማኅበሩ አባል ከሆንኩ አሥራ አንድ ዓመት ሞላኝ፤ አሥራ አንድ ጊዜ ተወዳድሬ፣ የቅዳሜውን ጨምሮ ስምንት ጊዜ ሁለተኛ ወጥቻለሁ። የአባላቱ ልጆች ከኋላዬ እትዬ ሁለተኛ እንደሚሉኝም አውቃለሁ። እሰማለሁ እኮ፤ ጆሮዬ እንደ አንዳንድ ሰው ዓይን አይደለም።

ፊገር ምን እንደሆነ ለማያውቅም ልንገር። ባለቤቴ አሻንጉሊት ነው የሚለው፤ ይበለው። በእጅ የተቀረጸ፣ በእጅ የተቀባ፣ አንገቱ የሚዞር፣ ክርኑና ጉልበቱ የሚታጠፍ፣ ኪስ ውስጥ የሚገባ ሰው ነው። ዋናው ዳኛ በካርድ ላይ ሦስት ነገር ይመዝናሉ፦ ቅርጽ፣ ቀለምና መገጣጠሚያ። እያንዳንዱ ከአሥር ይታረማል። አንደኛ የወጣው ፊገር በአዳራሹ መግቢያ ባለው፣ መብራት በተገጠመለት የመስታወት ሣጥን ውስጥ ገብቶ ይቆለፍበትና አንድ ዓመት ሙሉ ቆሞ ይታያል። ሽልማቱ ይኸው ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። እኔ ግን በዚያ ሣጥን በኩል ባለፍኩ ቁጥር የራሴን ፊገር በሐሳቤ ውስጡ እንደማቆም ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ዛሬ ለሁሉም ተናገርኩ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ማክሰኞ ዕለት በእጅ ጽሑፍዎ የላኩልኝ ማስታወሻ ደርሶኛል። አንደኛ የወጣችው ተወዳዳሪ በገዛ ፈቃዷ ከውድድሩ መውጣቷን በደብዳቤ ስላሳወቀች፣ ሁለተኛዋ ወደ አንደኛነት ከፍ እንደምትል፣ የእኔም ፊገር እሑድ አራት ሰዓት ላይ ወደ ሣጥኑ እንደሚገባ ገልጸው፣ እንኳን ደስ አለዎት ብለውኛል። እንኳን ደስ አለዎት የሚለውን በቀይ እስክሪብቶ ስለጻፉልኝ ልዩ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። አንደኛ የወጣችው ተወዳዳሪ የሚሏት፣ መቼም ሁላችንም እናውቃለን፣ ታናሽ እህቴ ናት፤ ፀጉር ሠሪዋ። ቤት ውስጥ ሚጢጢ ነው የምንላት። አሁን ቁመቷ እኔን በአንድ ራስ ይበልጠኛል፤ ስሙ ግን በዚያው ቀርቷል።

እሑድ ተገኝቼ ምስጋናዬን ከማቅረቤ በፊት ግን፣ ሆዴ ውስጥ የከረሙትን ጥቂት ቅሬታዎች በቁጥር አስቀምጬ ለክብርዎ ማቅረብ ፈለግሁ። ቢረዝምብዎ ይታገሡኝ፤ እኔም እርስዎን አሥራ አንድ ዓመት ታግሻለሁ።

፩ኛ፦ ስለ ነፍስ።

በእህቴ የውጤት ካርድ ግርጌ ላይ፣ በዚያ በሚያምር የሰዓት ሠሪ ጽሑፍዎ፣ ይህች ፊገር ነፍስ አላት ብለው ጽፈዋል። ውጤቱን መዝገብ ላይ ስጽፍ ካርዱን ገልብጬም፣ አዙሬም፣ ወደ መብራት አንሥቼም አይቼዋለሁ። ቅርጽ የሚል ረድፍ አለ፣ ቀለም የሚል አለ፣ መገጣጠሚያ የሚል አለ፤ ነፍስ የሚል ረድፍ የለም። ማኅበሩ ነፍስ መመዘን የጀመረው ከመቼ ወዲህ እንደሆነ፣ ስንት ከስንት እንደሚያዝላትና እኛ ነባር አባላት ለምን እንዳልተነገረን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ብንሰማ ኖሮ እኛም ከየትም ብለን ይዘን በመጣን ነበር።

እኔ ያቀረብኩት፣ እንደሚያስታውሱት ተስፋ አደርጋለሁ፣ በገመድ ላይ የምትሄድ የሰርከስ ሴት ነበረች። አሥራ አራት ወር ፈጅታብኛለች። ሠላሳ አራት መገጣጠሚያ አላት። የቀኝ እጇ ጣቶች እያንዳንዳቸው ሁለት ቦታ ይታጠፋሉ፤ ለዚያ ያዋልኩት ሽቦ የሰው ጥርስ የምናስርበት ቀጭኑ ሽቦ ነው። ቅንድቧን የሣልኩት ሦስት ፀጉር ብቻ በቀረው ብሩሽ፣ ትንፋሼን ይዤ ነው። ለዚህ ሁሉ ቅርጽ ዘጠኝ፣ ቀለም ዘጠኝ፣ መገጣጠሚያ ሰባት ሰጥተው፣ ግርጌው ላይ እጅግ የተዋጣለት ሥራ ብለው ጽፈውልኛል። አመሰግናለሁ። ቧንቧ ለጠገነም ሰው እንደዚያ ይባላል።

የእህቴ ፊገር በበኩሏ አሥራ አንድ መገጣጠሚያ ነው ያላት። አሥራ አንድ! ለዚያች ቅርጽ አሥር፣ ቀለም ዘጠኝ፣ መገጣጠሚያ አሥር። ሃያ ዘጠኝ ከሠላሳ። በማኅበሩ ታሪክ ከሃያ ስምንት በላይ ያገኘ የለም፤ አውቃለሁ፣ መዝገቡን የምይዘው እኔ ነኝ። ያንንም ቁጥር በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት፤ ሁለቱ አሃዞች ትንሽ ቢንጋደዱ ዓይኔን ጨፍኜ ስለጻፍኳቸው ነውና ይቅርታዎን እለምናለሁ።

፪ኛ፦ ስለ ጉልበት።

የሰርከሷን ሴት ለማንበርከክ የግራ ጉልበቷን ሲያጥፉ የተሰማው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ቅርጭጭ አለ፤ ከዚያም የጥፍር ቁራጭ የምታህል ቀለም ተላጠችና ካርድዎ ላይ ወደቀች። እርስዎም ምንም እንዳልተፈጠረ እፍ ብለው አባረሯት። የአሥራ አራት ወር ሥራዬን እፍ አሉት፣ ክቡር ሆይ። ይህን ያህል ቸኩለው ያጠፉበትን ምክንያት ለማወቅ እፈልግ ነበር፤ የሰው ጉልበት ቢሆን እንኳ ትንሽ አሸት አሸት አድርጎ ነው የሚታጠፈው።

እውነቱን ለመናገር ግን፣ ይህን ጉዳይ በጥቂቱ ማስተካከል ይኖርብኛል። ከውድድሩ በፊት ባለው ሐሙስ፣ እንደ ልማዳችን ሁላችንም ሥራችንን አስመዝግበን፣ ቁጥር ተቀብለን፣ እስከ ቅዳሜ ወደየቤታችን ይዘን ተመልሰናል። እህቴ ያን ቀን የእሷን በፀጉር ቤት ፎጣ ጠቅልላ መጣች። ፎጣው ሲፈታ ያየሁትን አየሁ። ማንንም ሳልሰናበት ወጣሁ። ቤቴ ስደርስ ኮቴን እንኳ ሳላወልቅ ቫርኒሹን ከፍቼ የሰርከሷን ሴት ከራስ ቅሏ እስከ እግር ጥፍሯ፣ ጉልበቷን ጨምሮ፣ እንደገና ቀባኋት። ታብረቅርቅ ብዬ ነው። ከዚያች የበለጠ ትታይ ብዬ ነው።

መገጣጠሚያ ላይ ቫርኒሽ እንደማይደገም፣ ከተደገመም ሳይደርቅ ነክሶ እንደሚይዝና ሲታጠፍ ቀለሙን ይዞት እንደሚነሣ የማኅበሩ ጀማሪ ሁሉ ያውቃል። የሚያውቀውም ከእኔ ነው፤ የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ነው፣ የማስተምረውም እኔ። እህቴን ራሷን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እንግዲህ ሰው የሚያውቀውን የሚያስረሳው ምን እንደሆነ ክብርዎ ይገምቱ። በአጭሩ፣ በሁለተኛው ቁጥር የቀረበው ቅሬታ በእርስዎ ላይ የተነሣ ቢመስልም ጥፋቱ ከፊሉ የእኔ ነው። እፍ ማለትዎ ግን የራስዎ ነው።

፫ኛ፦ ስለ መነጽርዎ።

የእህቴ ፊገር ጎንበስ ብላ ጠረጴዛ ላይ የምትሠራ ሴት ናት። ጎንበስ እንዳለች ለሚያያት ኮስታራ ናት፤ አገጯን በጣት ጫፍ ቀና ሲያደርጉት ግን መብራቱ የከንፈሯ ጥግ ላይ ያርፍና ፈገግ ትላለች። ከንፈሩ አይንቀሳቀስም፤ የሚንቀሳቀሰው አንገቱ ብቻ ነው። እርስዎ አገጯን ቀና አደረጉ፣ ዝቅ አደረጉ፣ እንደገና ቀና አደረጉ። ከዚያም መነጽርዎን አውልቀው ዓይንዎን ጠረጉ። አቧራ ነው እንዳይሉኝ፣ አዳራሹን አርብ ማታ ያጸዳሁት እኔ ነኝ።

አሥራ አንድ ዓመት ስመጣ ስሄድ መነጽርዎን ለእኔ አውልቀው አያውቁም። አንድ ጊዜ ብቻ አውልቀዋል፤ እሱም ሻይ ፈስሶበት ነው። ይህ ቅሬታ ምንም መልስ አያስፈልገውም፤ እንዲያው መዝገብ ላይ ይቀመጥልኝ ብዬ ነው።

ደግሞ ያ ከንፈር! የእኔ ሙያ የሰው አፍ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ያየሁት ከንፈርና ጥርስ ነው። ከንፈርን ሳያነቃንቁ ማሳቅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከእርስዎ ይልቅ እኔ አውቃለሁ። የከንፈሩ ጥግ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ውስጥ ነው መፈልፈል ያለበት፣ የፀጉር ያህል ብቻ፤ ትንሽ ከበዛ ያሾፋል፣ ትንሽ ካነሰ ያለቅሳል። ብዙ ጊዜ ሞክሬው ብዙ ጊዜ ጥዬዋለሁ። እሷ ፀጉር በቢጎዲን ስትጠቀልል የኖረች ልጅ፣ ጭቃ በነካች በስምንት ወሯ፣ ቀለሙን ደንበኞቿ ፀጉራቸው እንደረጠበ ተራ እየጠበቁ በፀጉር ማድረቂያው ካስክ እያደረቀች ሠራችው። ቅዳሜ ዕለት እነዚያው ደንበኞቿ ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ሰባት ሆነው መጥተው፣ ስሟ ሲጠራ እልል ብለዋል። ለእኔ ማን መጣ? ባለቤቴ፤ እሱም ከኋላ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዶት ነበር።

ቀንቻለሁ፣ ክቡር ሆይ። ይኸው ጻፍኩት። ይለቀኝ ይሆን ብዬ አምስት ቀን ጠበቅኩት፣ አልለቀቀኝም።

፬ኛ፦ ስለ መመሳሰል።

ይህ ቅሬታ በእርስዎ ላይ አይደለም፤ ግን ሌሎቹን ለማስረዳት ያስፈልጋል። ፊገሯ ጠረጴዛው ላይ ስትቀመጥ መጀመሪያ የሳቀችው ሻይ የምታፈላልን ሴትዮ ናት። አንዴ ፊገሯን፣ አንዴ እኔን አየችና፣ ውይ እትዬ፣ ይቺ እርስዎን አይደለች እንዴ የምትመስለው ብላ አዳራሹ እስኪሰማ ተናገረች። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እርስዎም አዩኝ። የፊገሯ መነጽር አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ነው፤ የእኔም። የታች ከንፈሯን በግራ በኩል ነክሳለች፤ እኔም ሥራ ላይ ስሆን እነክሳለሁ አሉኝ። ፀጉሯ ውስጥ እርሳስ ሰክታለች። ማጅራቷ ላይ ሁለት የቆዳ እጥፋት አለ፤ እኔ ማጅራቴን አይቼው ስለማላውቅ ባለቤቴን ጠየቅኩት፣ አዎ ሁለት ነው አለኝ።

ሚጢጢ ይህን ሁሉ ከየት አመጣችው ቢሉኝ እነግርዎታለሁ። ፀጉር ቤቷ ሰኞ ሰኞ ዝግ ነው፤ የእኔም የዕረፍት ቀን ሰኞ ነው። ከስምንት ወር በፊት በአንዱ ሰኞ ቤቴ መጣችና፣ እትዬ፣ ዝም ብዬ አጠገብሽ ልቀመጥ፣ አላስቸግርሽም አለችኝ። ያን ሰሞን ባሏ ጥሏት ሄዶ ነበር። እኔ ደግሞ የሰርከሷ ሴት ጣት ላይ ነበርኩ። ፀጉሩ የተመለጠ አንድ ብሩሽና ሊደርቅ የደረሰ የተረፈ የመቅረጫ ጭቃ ሰጥቻት፣ በይ በዚህ ተጫወቺ ብያት ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ አንድም ሰኞ አልቀረችም። ከግድግዳው ጥግ ባለችው ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ ስጠይቃት ብቻ እየመለሰች፣ ስትነካካ ትውላለች። ምን እየሠራች እንደሆነ አላየሁም። በእነዚያ ሁሉ ሰኞዎች ቀና ብዬ ያየኋት ጊዜ በጣት ይቆጠራል። ከተቀመጠችበት የሚታያት የእኔ ማጅራትና የእኔ መነጽር ብቻ ነበር፤ የሚታያትን ሠራች። ሲስቅ ያላየችውን ፊት ደግሞ ከራሷ ጨምራ አሳቀችው።

ይህን የጻፍኩት ዛሬ ነው፤ ቅዳሜ ዕለት ግን እንዲህ አላሰብኩም። ውጤቱ እንደተነበበ ካርዷን ይዛ፣ ከሰዎቹ ሁሉ አልፋ ወደ እኔ ነበር የመጣችው። እትዬ፣ እይልኝ አለችኝ። እንኳን ደስ አለሽ ማለት አፌ ላይ ነበር። አፌ ግን፣ ከእኔ የተረፈ ካልሆነ የራስሽ የሆነ ነገር የለሽም ወይ አላት። ጮክ ብዬ። በእርስዎ ፊት፣ ሻይ በምታፈላው ሴትዮ ፊት፣ በእነዚያ ፀጉራቸውን በተሠሩት ሴቶች ፊት።

እናታችን ስታርፍ እኔ አሥራ ስምንት፣ እሷ ስድስት ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲህ የለበሰችው የእኔን ቀሚስ አሳጥሬላት ነው፤ የተጫማችው የእኔን ጫማ ጫፉ ላይ ጨርቅ ጎስጉሼላት ነው፤ ትምህርት ቤት የሄደችው ግማሹን በጻፍኩበት ደብተር ነው። አንድ ቀን ቅር ብሏት አይቻት አላውቅም። ስለዚህ ያ ንግግሬ የት እንደሚያርፍ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ካርዱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ እሺ እትዬ አለችኝና ወጣች። ሰኞ ዱካዋ ባዶዋን ዋለች። ማክሰኞ የእርስዎ ቀይ እስክሪብቶ መጣ።

፭ኛ፦ ስለ ደስታዬ።

አልዋሽዎትም፤ ማስታወሻዎን ሳነብ ደስ አለኝ። እጅግ በጣም ደስ አለኝ። ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ያለማቋረጥ ደስ አለኝ። የጉልበቷን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት አልስልሼ መልሼ ቀባሁ፤ በየትኛው ጎኗ ብትቆም መብራቱ እንደሚያምርባት በባትሪ ሞከርኩ። እሰይ፣ አሥራ አንድ ዓመት አልኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ባለቤቴ ከሥራ ገባ። ሾፌር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያወራ ስለሚሰማ ቤት ሲገባ ነገር አያበዛም። ማስታወሻውን አነበበና፣ ታዲያ አሁን አሸነፍሽ ነው የሚባለው ብሎ ጠየቀኝ። በክፋት አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጎ ነው። ራቱን አቅርቤለት ወደ ጓዳ ገባሁ።

ረቡዕ ደወልኩላት፤ ይጠራል፣ አይነሣም። ከሥራ ስወጣ ወደ ፀጉር ቤቷ ሄድኩ። ከመንገዱ ማዶ ቆሜ በመስኮቱ አየኋት። አንዲት ደንበኛ ፊት ለፊቷ አስቀምጣ ቅንድብ ትቀባለች፤ የምትቀባበት ያ የተመለጠው ብሩሽ ነው። እጀታውን በጥርሴ ስለነከስኩት ከሩቅም አውቀዋለሁ። እንደዚያ ያለ ከንፈር የሠራችበትን ብሩሽ ቅንድብ መቀቢያ አድርጋዋለች! ያን ጊዜ በቃ እንደተወችው ገባኝ። ሁለት አውቶቡስ እስኪያልፍ ቆምኩና ሳልገባ ተመለስኩ። ልግባ ብል ምን እላት ነበር? ሣጥኑን ስለለቀቅሽልኝ አመሰግናለሁ ልበላት?

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ይህን ሁሉ የዘበዘብኩበት ጉዳይ የሚከተለው ነው።

በማኅበራችን መተዳደሪያ ደንብ አንቀጽ ዘጠኝ መሠረት፣ አንድ ተወዳዳሪ ራሱን ማግለል የሚችለው ውጤት ከመነበቡ በፊት ብቻ ነው፤ ውጤቱ ከተነበበ በኋላ አንደኛው ፊገር ለአንድ ዓመት የሣጥኑ ነው። ይህን አንቀጽ ያረቀቁት ክብርዎ ነዎት፤ የማንበቡን ሥራ ግን ለእኛ ለአባላቱ በልግስና ስለተዉልን እናመሰግናለን። ስለዚህ የእህቴ ደብዳቤ ዋጋ የለውም። እሑድ አራት ሰዓት ላይ ሣጥኑ ውስጥ እንድትገባ የምጠይቀው የእሷ ሴት ናት። አገጯ ቀና እንዳለ ትግባ፤ አጎንብሳ ዓመቱን ሙሉ ስታኮርፍብኝ ማየት አልፈልግም።

ደግ ሆኜ እንዳይመስልዎ። ደግነት ቢሆን ኖሮ ቅዳሜ ነበር ጊዜው። ያንን ሣጥን ዛሬም እፈልገዋለሁ፤ ይህን ስጽፍ ራሱ እፈልገዋለሁ። ነገር ግን ተሸንፌ ሁለተኛ መሆን የለመድኩት ነገር ነው፣ እችለዋለሁ፤ እህቴን አስለቅሼ አንደኛ መሆን ግን አልለመድኩትም፣ ልለምደውም አልፈልግም። በዚያ ላይ በሚቀጥለው ዓመት ላሸንፋት እፈልጋለሁ፤ የተወ ሰው ደግሞ አይሸነፍም። ይህን አንብባ ሰኞ ትምጣ። ዱካዋን ከግድግዳው ጥግ አንሥቼ ከጠረጴዛዬ ማዶ፣ ፊት ለፊቴ አድርጌዋለሁ። አዲስ ብሩሽም ገዝቻለሁ፤ ለእኔ ተገዝቶ ያልተረፈ፣ ከነማሸጊያው ያለ፣ የራሷ። ቅዳሜ ስለተናገርኩት በጓዳ ይቅርታ ብጠይቃት ቀላል ነበር፤ ያዋረድኳት በሰው ፊት ስለሆነ ግን ይቅርታዬንም በሰው ፊት እየጠየቅኳት ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ክብርዎ የእኔን ሴት ሣጥኑ ውስጥ አስገብተው ቢቆልፉባት፣ ከላቦራቶሪ መሰርሰሪያዬን ይዤ መጥቼ መስታወቱን ቀድጄ እንደማወጣት ከወዲሁ በትሕትና አሳውቃለሁ። መሰርሰሪያው የሰው መንጋጋ ጥርስ ይበሳል፤ መስታወት አያቅተውም።

ለሚሰጡኝ ፈጣን ምላሽ በቅድሚያ እያመሰገንኩ፣ ለወገብዎ ዕረፍትን፣ ለዓይንዎ ብርሃንን፣ ለቀዩ እስክሪብቶዎ ክዳንን እመኛለሁ።

እጅግ ከፍ ካለ አክብሮት፣ ካልቀነሰ ቅሬታና ካልበረደ ቅናት ጋር፣
ስምንት ጊዜ ሁለተኛ የወጣችውና በዚሁ እንዲጸናላት የምትለምነው አባልዎ፣
ጥርስ ሠሪዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እሑድ ወደ ሣጥኑ ሲያስገቧት እባክዎን በቀኝ ክንዷ አያንሷት። ለመገጣጠሚያ አሥር ከአሥር የሰጧት ይህች ሴት ቀኝ ትከሻዋ ልል ነው፤ ክንዷን ከፍ አድርገው ቢተዉት ሃያ ሳይቆጥሩ ይወርዳል። የትከሻዋን ኳስ አውጥቶ አንድ ጠብታ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም መቀባት፣ በደንብ አድርቆ መመለስ ነው፤ ፀጉር ቤት ውስጥ ደግሞ የጥፍር ቀለም አይጠፋም። ብነግራት ኖሮ እዚያው ካስኳ ሥር አድርቃ ትጨርሰው ነበር። ሐሙስ ዕለት ገና ከፎጣው ስትወጣ ነው ያየሁት፤ አልነገርኳትም። እርስዎ አግኝተው ነጥብ ይቆርጡባታል ብዬ ቅዳሜን ስጠብቅ ነበር። እርስዎ ሳያውቁ ዝም አሉ፤ እኔ አውቄ ዝም አልኩ። ለእርስዎ ዝምታ ከአሥር የሚገባውን ነጥብ ራስዎ ይሙሉት፤ ለእኔው የሚገባውን ሚጢጢ ትሙላው።